የልብ መድኃኒት በቆዳ፣ በቀላል የኤሌክትሪክ ፍሰት፦ ከባሕር ዳር የተከፈተ የውይይት ክር ከነመልሶቹ

ክሩን የከፈተው ባሕር ዳር የሚሠራ የሕክምና መሣሪያዎች ኢንጂነር ነው። ቤታ ብሎከር (የልብ ምትንና የደም ግፊትን ዝቅ የሚያደርግ መድኃኒት) የሚወስድ የልብ ታካሚ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሲያስመልሰው፣ ወይም ስትሮክ መትቶት መዋጥ ሲያቅተው መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ ድንገት ሲቋረጥ ደግሞ የልብ ምትና የደም ግፊት ተመልሶ ሽቅብ ይወጣል። ታዲያ ከነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ሜቶፕሮሎል በቀላል የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ በአዮንቶፎሬሲስ፣ በክንድ ቆዳ በኩል ለምን አናስገባለትም ይላል። ዕቃው ሁሉ እጃችን ላይ አለ፦ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ሁለት ኤሌክትሮዶች፣ ጎዝ። ኪኒኑ ተፈጭቶ በቧንቧ ውኃ ይበጠበጣል፤ 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ጎዝ ይነከርበታል፤ ፖዘቲቩ በጎዙ ላይ፣ ነጌቲቩ እዚያው ክንድ ላይ ራቅ ብሎ ይታሰራል፤ 5 ሚሊ አምፒር ለ4 ሰዓት ይለቀቃል። በዚህ ላይ ሦስት ነገር አክሏል። መድኃኒቱን እጥፍ ብናደርገው የሚገባው እጥፍ ይሆናል፤ ማብሪያው ሲጠፋ መድኃኒቱም ይቆማል፤ የደም ሥር የሚያሰፋው ናይትሮግሊሰሪንም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ከሦስቱ አንዱም እስከ ክሩ መጨረሻ አልዘለቀም።

1ኛው መልስ ማበረታቻ ብቻ ነው። ቁም ነገሩ የሚጀምረው ከ2ኛው፣ ከአንዲት የፋርማሲ መምህርት ነው። በአንቱታ ሰላም ብላው፣ አስቀድማ ትክክል የያዘውን ትመሰክርለታለች። የሜቶፕሮሎል ፒኬኤ (ግማሹ ሞለኪውል ቻርጅ የሚይዝበት የአሲድነት ደረጃ፣ ፒኤች) 9.7፣ የሌላው ቤታ ብሎከር የፕሮፕራኖሎል 9.5 ገደማ ነውና ፒኤች 6 ላይ ከመቶ 99 በላይ የሚሆነው ሞለኪውል ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ከፖዘቲቩ ሥር መሆኑ ልክ ነው። ቆዳም ያግዛል። መድኃኒት የሚያግደው የላዩ የሞተ ንብርብር ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው፤ ከፒኤች 4 ተኩል በላይ ራሱ ነጌቲቭ ስለሚሆን ፖዘቲቭ አዮን ያሳልፋል፣ ፍሰቱም ከፖዘቲቩ ወደ ነጌቲቩ ውኃ እየጎተተ ይሄዳል። መፍትሔው ከ4 በታች አሲድ ከሆነ ግን የቆዳው ቻርጅ ይገለበጥና ውኃው ወደ ኋላ ይጓዛል። ናይትሮግሊሰሪን ላይ ስትደርስ ሳታመነታ ታርመዋለች፦ ቻርጅ የለውም፣ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ የሚገፋው ነገር የለም። መገፋትም አያስፈልገውም፤ ትንሽና ስብ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟ ሞለኪውል ስለሆነ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለ ምንም ባትሪ በፓች ይሰጣል። የደም ግፊት መድኃኒቱ ክሎኒዲንም እንዲሁ በቀን ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ግራም የሚለቅ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚቀየር ፓች አለው።

3ኛው መልስ ክሩን ለጥቂት ጊዜ ወደ ተራው ፓች ወሰደው። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት፤ አጻጻፏም እንደ ክፍሏ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው። ናይትሮግሊሰሪን ፓች በሰዓት ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ግራም በሚለቀው ይጀመራል። ከ12 እስከ 14 ሰዓት ከተለጠፈ በኋላ ከ10 እስከ 12 ሰዓት መነሣት አለበት፤ ሌት ተቀን ከተተወ ሰውነት ይለምደውና መሥራቱን ያቆማል። ለታካሚው ዲፊብሪሌተር (ልብን በኤሌክትሪክ የሚመታው መሣሪያ) ሲቀርብ ደረቱ ላይ ያለ ፓች ሁሉ ቀድሞ ይላቀቃል፤ የአንዳንዱ ጀርባ አሉሚኒየም ስለሆነ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ቆዳ ያቃጥላል። ሙቀት የሚገባውን መጠን ይጨምራል፤ እኩለ ቀን ላይ ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ፓቹን ፀሐይ በሚመታው ትከሻው ላይ እንዲለጥፍ አይመከርም። 4ኛው መልስ ሲልዴናፊል (ቪያግራ) እና ናይትሬት (እንደ ናይትሮግሊሰሪን ያለው) በአንድ ሰው አካል ውስጥ መገናኘት እንደሌለባቸው አስታውሶ አለፈ፤ አንድ መስመር ነው፣ ግን የሚዘለል አይደለም።

ክሩን የተሸከመው 5ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው የኬሚስትሪ ሰው ነው፤ ኢንጂነሩን ወንድሜ ብሎ ቀጥታ ወደ ስሌት ገባ። 5 ሚሊ አምፒር ለ4 ሰዓት 72 ኩሎም (የቻርጅ መለኪያ) ነው። በፋራዳይ ቁጥር፣ 1 ሞል ቻርጅ በያዘው ኩሎም በ96,485፣ ሲካፈል 0.75 ሚሊ ሞል ቻርጅ ይሆናል። ይህን ሁሉ ቻርጅ ሜቶፕሮሎል ብቻውን ቢሸከመው፣ የሞለኪውሉ ክብደት 267 ነውና 200 ሚሊ ግራም ይገባ ነበር። ግን አይሸከመውም። ከውጭ አብሮት የሚገባ ሌላ ፖዘቲቭ አዮን አለ፤ ከሰውነትም በተቃራኒው የሚወጣ ክሎራይድ አለ፤ ሁሉም ፍሰቱን ይሻሙታል፣ ለትልቁ ሞለኪውል የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። የፍርፋሪውን መጠን ለመገመት ገበያ ላይ ወጥቶ የነበረ ፓች ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የማይግሬን መድኃኒት፣ የሱማትሪፕታን ፓች ለ1 ሰዓት 4፣ ለተከታዮቹ 3 ሰዓታት 2 ሚሊ አምፒር ያሳልፍ ነበር፤ ሲደመር 36 ኩሎም። የሚያስገባው መድኃኒት 6.5 ሚሊ ግራም ነበር። የሱማትሪፕታን ክብደት 295 ስለሆነ የመድኃኒቱ ድርሻ ከጠቅላላው ቻርጅ ከመቶ 6 ገደማ ይመጣል። ያንኑ 6 ለሜቶፕሮሎል ብናውሰው በ4 ሰዓት 12 ሚሊ ግራም ይገባል።

12 ሚሊ ግራም ይበቃል ወይ? በቀን 100 ሚሊ ግራም ሜቶፕሮሎል ታርትሬት (ኪኒኑ የሚሠራበት የመድኃኒቱ ጨው) የሚወስድ ሰው፣ የታርትሬቱ ክብደት ሲወጣለት፣ የሚውጠው ሜቶፕሮሎል 78 ሚሊ ግራም ነው፤ ጉበት በመጀመሪያው ዙር ግማሹን ያህል ስለሚያስቀረው ደም ውስጥ የሚደርሰው 39 ነው። እዚያ ለመድረስ ታካሚው 13 ሰዓት ያህል ከባትሪ ጋር ሊታሰር ነው። ፕሮፕራኖሎል ላይ ሒሳቡ ይቀላል። ከሚዋጠው ሩብ ያህሉ ብቻ ስለሚያልፍ፣ በቀን 80 ሚሊ ግራም የሚወስድ ሰው በደሙ የሚያገኘው 17 ወይም 18 ሚሊ ግራም ነው፤ በዚያው ድርሻ 6 ሰዓት ይበቃዋል። ጉበት አብዝቶ የሚያጠፋው መድኃኒት በቆዳ ሲሄድ ትርፉ የጎላ ነው። እንግዲህ የሚመረጠው መድኃኒት ዶዙ ትንሽ፣ ቻርጅ ያለው፣ ጉበት የሚበላው ሲሆን ነው፤ አንዱ ከጎደለ ባትሪው አይክሰውም። ሌላው የልብ መድኃኒት ዲጎክሲን ዶዙ እጅግ ትንሽ ቢሆንም ቻርጅ የለውም፣ ክብደቱም 781 ነው፤ በአፍም ቢሆን አብዛኛው ያልፋል፣ ስለዚህ ምንም የሚያስለፋ ምክንያት የለም።

ከዚህ መልስ በኋላ ክሩ ቢዘጋ ኖሮ እንኳ የጠያቂው ድካም ከንቱ ባልሆነ ነበር። ግን 6ኛው መልስ ተጠራጥሮ ገባ። ከመቶ 6 ከሌላ መድኃኒት የተበደረ ቁጥር ነው ይላል። በተለይ ፕሮፕራኖሎል ቆዳ ላይ የመጣበቅ ጠባይ አለው፤ ሲጣበቅ የቆዳውን ነጌቲቭ ቻርጅ እያጠፋ ስለሚሄድ ያ የሚያግዘው የውኃ ጉተታ ይዳከማል። በስሌት የተሻለው መድኃኒት በቆዳ ላይ የባሰ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የ5ኛው ጸሐፊ በ7ኛው መልስ ይህን ያለ ክርክር ተቀበለ፤ ቁጥሩ መነሻ እንጂ ተስፋ አይደለም አለ።

8ኛው መልስ እጥፍ መድኃኒት እጥፍ ዶዝ የሚለውን አነሣ። በመፍትሔው ውስጥ ከመድኃኒቱ ሌላ ፖዘቲቭ አዮን ከሌለ፣ መጠኑን ከተወሰነ ደረጃ በላይ መጨመር የሚገባውን አይጨምርም፤ ከወጪው ክሎራይድ ጋር ያለው ሽሚያ ያው ነውና። የሚገባውን የሚወስኑት ፍሰቱና ሰዓቱ ናቸው። ሌላ አዮን ካለ ግን ነገሩ ይበላሻል፤ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም ትንንሽና ፈጣን ስለሆኑ ባጃጅ በአውቶቡሶች መካከል እንደሚሾልክ ቀድመው ያልፋሉ። ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ ውስጥ እነዚህ ሁሉ አሉ። ፒኤች እንዳይለዋወጥ የሚጨመረው ፎስፌት በፈርም ሶዲየም ያመጣል። ስለዚህ የተጣራ ውኃ፣ ንጹሕ የመድኃኒት ጨው፣ ሌላ ምንም።

9ኛው መልስ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው የሆስፒታል ፋርማሲስት ነው፤ እስከዚህ ድረስ የነበረውን አንቱታ ትቶ አንተ እያለ ነው የጻፈው። የተፈጨ ኪኒን መድኃኒት ብቻ እንዳልሆነ አንድ ኢንጂነር ማወቅ ነበረበት ይላል። ማግኒዚየም ስቴሬት አለበት፣ ስታርች አለበት፣ ኪኒኑ ሆድ ውስጥ እንዲፈርስ የሚገባው ማፍረሻ ብዙ ጊዜ የሶዲየም ጨው ነው። የማይሟሟው ዝቃጭ ጎዙ ላይ ቦታ ቦታ ይዞ ፍሰቱን ያዛባል፣ ፍሰት የተከማቸበት ነጥብ ይቃጠላል። ቀስ ብሎ የሚለቅ የሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት ኪኒን ከሆነማ መፍጨት በአፍ ለሚወስደውም የተከለከለ ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ግን ሰውየውን እንጂ ሐሳቡን አልነኩም፣ እዚህ አልደግማቸውም። 10ኛው የጠያቂው ራሱ ነው፤ ሳይቆጣ፣ ሐሳቡ ለሙከራ ጠረጴዛ እንጂ ነገ ለታካሚ እንዳልሆነ አስረዳ።

11ኛው መልስ የአንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሲሆን፣ ለሕሙማን ክፍሉ የሚሆነው መልስ እሱ ነው። መዋጥ ላቃተው ታካሚ በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦ አለ፤ ተራው ታርትሬት ኪኒን ደቅቆ፣ በውኃ ተበጥብጦ በቱቦው ይሰጣል፣ ከፊትና ከኋላ ቱቦው በውኃ ይታጠባል። የሚያስመልሰው ከሆነ ክንዱ ላይ መርፌ መግቢያ አለውና በደም ሥር 5 ሚሊ ግራም ሜቶፕሮሎል፣ እንደ ሁኔታው እስከ 3 ጊዜ፣ ኢሲጂና የደም ግፊት እየታየ ይሰጣል። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቢሶፕሮሎል ፓች አለ፣ ባለ 4 እና ባለ 8 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚለጠፍ፣ ያለ ኤሌክትሪክ። ዶዙ ትንሽ ስለሆነ ራሱ ያልፋል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ በትሕትና ነው የጻፈው፤ ቢሆንም ከ9ኛው ይልቅ የጠያቂውን ሐሳብ የጎዳው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ክሩ ይሞታል ብዬ ነበር የማነበው፤ ይልቁንም ከ12 እስከ 16 ያሉት መልሶች ስለ ኤሌክትሮድ የተጻፉ ሲሆኑ ከሁሉ የተሻሉ ናቸው።

12ኛው ከማይዝግ ብረቱ ይጀምራል። ብረትም ሆነ ካርቦን ውኃውን ይሰነጥቀዋል፤ ከፖዘቲቩ ሥር አሲድ፣ ከነጌቲቩ ሥር አልካሊ ይፈጠራል። በ72 ኩሎም ነጌቲቩ ሥር የሚጠራቀመው ከ30 ሚሊ ግራም ኮስቲክ ሶዳ ጋር እኩል ነው። ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ ቃጠሎ የሚለው ቁስል ይኸው ነው፤ አልካሊው ቆዳውን በልቶት ነው፣ ሕመሙም ዘግይቶ ስለሚሰማ ታካሚው ሳይጮህ ቁስሉ ይገባል። መፍትሔው ሲልቨር ነው። ፖዘቲቩ ንጹሕ ሲልቨር ሲሆን ከክሎራይድ ጋር ተዋሕዶ ሲልቨር ክሎራይድ ይሆናል እንጂ ውኃ አይሰነጥቅም። ነጌቲቩ አስቀድሞ ሲልቨር ክሎራይድ የለበሰ ይሆንና ክሎራይዱን ይለቃል። ለ72 ኩሎም ፖዘቲቩ ላይ 80 ሚሊ ግራም ሲልቨር ይበላል፤ ነጌቲቩ ላይ ደግሞ 107 ሚሊ ግራም ሲልቨር ክሎራይድ ያልቃል። ልባሱ እጥፉ ቢሆን ይሻላል፤ ካለቀ በዚያች ቅጽበት አልካሊው ይጀምራልና። ማልበሻው ቀላል ነው፦ ሲልቨሩን በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ፖዘቲቭ አድርጎ በዝቅተኛ ፍሰት ማቆየት። ወደ ጥቁር ቡና የሚያደላ ሐምራዊ ይሆናል። ፍሰቱ ከበዛ ልባሱ ይፈረፈራል፣ ጣት ሲነካው ይረግፋል።

13ኛው መልስ ማንም ያላየውን አየ። ሜቶፕሮሎል ታርትሬት ክሎራይድ የለውም። ክሎራይድ ከሌለ ፖዘቲቩ ሲልቨር የሚዋሐደው ያጣና ሲልቨር አዮን ሆኖ ይሟሟል፤ ራሱም ፖዘቲቭ ስለሆነ ከመድኃኒቱ ጋር እየተሻማ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ቆዳውን ያጠቁረዋል። ፕሮፕራኖሎል ሃይድሮክሎራይድ ግን ክሎራይዱን ይዞ ነው የሚመጣው። ለ4 ሰዓቱ የሚያስፈልገው 0.75 ሚሊ ሞል ክሎራይድ ከ221 ሚሊ ግራም ፕሮፕራኖሎል ሃይድሮክሎራይድ ይገኛል። ለሜቶፕሮሎሉ 44 ሚሊ ግራም የገበታ ጨው ቢጨመር ክሎራይዱ ይሟላል፤ ግን ሶዲየሙ ያን ሽሚያ ይዞ ይመጣል። ሦስተኛ መንገድም ያሳያል፦ ኮሌስቲራሚን። የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ራሱ ክሎራይድ የተሸከመ ሬዚን ነው፤ ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ ቆዳ አያልፍም፣ ክሎራይዱን እየሰጠ በምትኩ ታርትሬቱን ይይዛል፣ ሶዲየም አያመጣም። ይህን ያህል የጠራ መልስ በአማርኛ ስለዚህ ነገር ተጽፎ ማንበብ ደስ ይላል።

14ኛው መልስ ከፋርማሲስቱ ነው፤ በዚህኛው ተረጋግቷል። 221 ሚሊ ግራም ፕሮፕራኖሎል ተነክሮ 12 የማይሞላው ከገባ፣ ከ200 በላይ መድኃኒቱን በያዘው ጎዝ ወይም ጄል ላይ ቀርቷል። ያገለገለ ጄል ለልጅ አፍ መርዝ ነው፤ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ታሽጎ እንጂ ክፍት ቅርጫት ውስጥ አይጣልም።

15ኛው ሲልቨሩ ከየት ይገኛል ብሎ ጠየቀ፤ ከብር አንጥረኛ ቢገዛስ? አሮጌ የማሪያ ትሬዛ ብር ቢቀልጥስ? 16ኛው መለሰለት፦ የማሪያ ትሬዛ ብር ሲልቨሩ ከመቶ 83.3 ብቻ ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። መዳቡ ከሲልቨሩ ቀድሞ ይሟሟል፣ ጎዙ ይወይባል፣ መዳብ አዮን ወደ ቆዳ ይነዳል። የጌጥ ብርም ቅይጥ ነው። ለላቦራቶሪ የሚሸጥ 99.9 ሽቦ ወይም ቅጠል ካልተገኘ ሥራው ይዘግይ።

ባትሪው የመጣው በ17ኛው ነው። የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ናት፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪ በቀጥታ መታሰሩን አልወደደችውም። ደረቅ ቆዳ መጀመሪያ ከፍተኛ ሬዚስታንስ (ፍሰትን የመቋቋም ኃይል) አለው፤ ፍሰት ሲያልፍበትና ሲረጥብ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። ቮልቴጁ ቋሚ ከሆነ ፍሰቱ ማንም ሳይነካው እየጨመረ ይሄዳል ማለት ነው። ቋሚ መሆን ያለበት ፍሰቱ ነው። የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ቺፕ ኤልኤም317 እዚህ አይመከርም፤ ባለ 250 ኦም ሬዚስተር 5 ሚሊ አምፒር ይሰጣል ተብሎ ቢሰላም፣ ቺፑ በትክክል ለመቆጣጠር ራሱ ከ3.5 እስከ 10 ሚሊ አምፒር ሊፈልግ ይችላል። የፍሰት መቆጣጠሪያው ቺፕ ኤልኤም334 ይሠራል፣ ግን ፍሰቱ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከመቶ 0.33 ያህል ይጨምራል፤ በባሕር ዳር የጠዋትና የቀትር ልዩነት ይህ ይታያል። የሚሻለው ኦፕ አምፕ (ማጉያ ቺፕ)፣ ትራንዚስተርና ባለ 100 ኦም መለኪያ ሬዚስተር ነው፤ ሬዚስተሩ ላይ 0.5 ቮልት ሲነበብ 5 ሚሊ አምፒር እያለፈ ነው። ፍሰቱ በ30 ሰከንድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎም ይወርዳል፤ በድንገት ከሆነ ሰው ይደነግጣል።

18ኛው የጎደለውን ሞላ። ቋሚ ፍሰት የሚሰጥ ዕቃ የራሱ ክፋት አለው፦ ጄሉ ከቆዳው ሲላቀቅ ፍሰቱን ለማስቀጠል ቮልቴጁን እስከ ጣሪያ ያወጣል፤ መልሶ ሲነካ ይነዝራል። ስለዚህ መላቀቅን የሚያውቅ መቁረጫ ያስፈልጋል፤ ሲቆርጥም እንደገና ከዜሮ መጀመር አለበት። ግማሹ ብቻ ከተላቀቀ ደግሞ ያው 5 ሚሊ አምፒር በ5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ ገደቡ ለ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.5 ሚሊ አምፒር ሲሆን ያኔ 1 ሆነ ማለት ነው። የጠያቂው ዕቅድ ሲጀመርም ልክ ጣሪያው ላይ ነው፣ ምንም ትርፍ አልተወለትም። ላብ ጠርዙን ያላቅቃል፣ ጨው ይዞም ጄሉ ውስጥ ይገባል። ቆዳው አይላጭም፣ ጸጉሩ በመቀስ ይከረከማል፤ ጠባሳ፣ ቁስልና ብጉር ያለበት ቦታ ይተዋል። ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ያለው ሰው ላይ በፍጹም አይደረግም፤ ፍሰቱም ደረት አቋርጦ ከክንድ ወደ ክንድ አይሄድም። መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ብሎ ባትሪውን ከቻርጀር ጋር እንደተሰካ መጠቀም ደግሞ ታካሚን ከግድግዳው መብራት ጋር ማሰር ነው።

19ኛው ማብሪያው ሲጠፋ መድኃኒቱ ይቆማል የሚለውን አፈረሰው። ቆዳ ውስጥ የተጠራቀመው መድኃኒት ኤሌክትሪኩ ከጠፋ በኋላም ወደ ደም መፍሰሱን ይቀጥላል፤ እንደ ፕሮፕራኖሎል የሚጣበቅ ሲሆን ይብሳል። የልብ ምቱ 45 የደረሰ ታካሚ ላይ ባትሪ መንቀል መፍትሔ አይሆንም።

ከ20ኛው ጀምሮ ክሩ ተንሸራተተ። አንድ የልብ ክሊኒክ ሐኪም እኛ ጋ ያለው ችግር የሩማቲክ ልብ ሕመም ነው፣ ይልቅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋውን ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በዚህ መንገድ ስጡልንና ልጆቹ ከመርፌ ይገላገሉ አለ። 21ኛው፣ ያችው የፋርማሲ መምህርት፣ አዝና ነው የመለሰችው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚሠራው እንዳይሟሟ ተደርጎ ስለተሠራ ነው፤ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ለሳምንታት ጥቂት በጥቂት ይለቃል። የማይሟሟ ነገር አዮን አይሰጥም። የአንድ መርፌ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ደግሞ 900 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ የ5ኛውን መልስ ስሌት መልሶ ማየት ይበቃል። 22ኛው በዚህ ላይ ተመርኩዞ ክሩ ሁሉ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው ብሎ ተሳለቀ። 23ኛው አልታገሠውም፤ ላብ በመለካት ሲስቲክ ፋይብሮሲስን (በዘር የሚመጣ የሳንባ በሽታ) የሚያሳየው ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ላብ የሚያመጣውን ፓይሎካርፒንን በዚሁ ፍሰት ቆዳ ውስጥ እያስገባ እንደሚሠራ አስታውሶ፣ ሳያውቁ መሳለቅ እውቀት አይሆንም አለ። ሁለቱ ለጥቂት ተናከሱ፤ የሚተረክ የለውም።

24ኛው መልስ ግን ይተረካል። ሌዱክ የሚባለው ፈረንሳዊ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሁለት ጥንቸሎችን በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር አያይዞ፣ በአንዷ ፖዘቲቭ ኤሌክትሮድ ሥር ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለውን መርዝ ስትሪክኒን፣ በሌላዋ ነጌቲቭ ሥር ነጌቲቭ ቻርጅ ያለውን መርዝ ሳይናይድ አደረገ። ሁለቱም ሞቱ። ዋልታዎቹ ሲገለበጡ ምንም አልሆኑም። የ24ኛው ጸሐፊ ይህን ያነሣው ሽቦ ሲገናኝ ቀለም መሳት ቀልድ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። አያይዞም ገበያ ወጥተው የወረዱትን ጠቀሰ፦ የሱማትሪፕታኑ ፓች በ2016 ቃጠሎና ጠባሳ አምጥቶ ተነሣ፤ በአንድ ጊዜ 40 ማይክሮ ግራም የሕመም ማስታገሻ ፌንታኒል የሚሰጠው መሣሪያ በ2008 አውሮፓ ውስጥ የታገደው ውስጡ ዝጎ ያለ ሰው ትእዛዝ ሊነሣ ስለሚችል ነው። ሁለቱም ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

የቀረው ክር ስለ ቆዳ ሆነ። ጠያቂው በ25ኛው ተመልሶ ሙከራውን ፕሮፕራኖሎል ሃይድሮክሎራይድ ይዞ በፍራንዝ ሴል (መድኃኒት በቆዳ ማለፉ የሚለካበት የመስታወት ዕቃ) እንደሚጀምር ጻፈ፦ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ፣ 0.5 ሚሊ አምፒር፣ ከታች ፒኤች 7.4 የሆነ ክሎራይድ ያለው በፈር በ37 ዲግሪ፣ በየሰዓቱ ናሙና፣ በ290 ናኖ ሜትር ብርሃን ንባብ። ሌላው ዓለም የአሳማ ጆሮ ይጠቀማል፤ ባሕር ዳር ላይ ከየት ይመጣል? 26ኛው ከቆዳ ነጋዴ ይገዛ አለ። 27ኛው ወዲያው ከለከለ፦ ነጋዴ ቆዳውን እንደገፈፈ ጨው ይነሰንስበታል፣ ያ ሁሉ ሶዲየም ቆዳው ውስጥ ነው፤ ከፋብሪካ የሚመጣው ደግሞ በኖራ ተነክሮ የላዩ ንብርብር የለም። የሚሻለው ከቄራ በዕለቱ የተቆረጠ የፍየል ጆሮ ነው፤ የውስጠኛው ገጹ ጸጉሩ ሳሳ ያለ ነውና። ፍሰት በጸጉርና በላብ ቀዳዳ በኩል መሄድ ስለሚወድ የጸጉሩ ብዛት ውጤቱን ያዛባል። ከሥሩ ያለው ልስልስ አጥንት በስካልፔል ይነሣል፣ ቆዳው በፎይል ተጠቅልሎ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጣል፤ ከሙከራው በፊት የእያንዳንዱ ቁራጭ ሬዚስታንስ ይለካና ከሌሎቹ እጅግ የወረደው ይጣላል፣ ተቀድዷልና። ሁልጊዜም ጎን ለጎን ፍሰት የሌለው አንድ ሴል ይቀመጣል።

28ኛው መልስ ሁዳዴ ስለገባ ቄራው ቀዝቅዟል፣ እስከ ፋሲካ ጠብቁ የሚል ነው። 29ኛው ደግሞ አንድ የእንስሳት ሐኪም ሲሆን፣ በጾምም ቢሆን ለሆቴሎችና ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ የሚታረድ እንዳለ፣ ጆሮውን ለመውሰድ ግን ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት በረዶ የያዘ ሳጥን ይዞ መገኘት እንደሚያስፈልግ ጽፏል።